ስላመነ የጣልሁት ተማሪ

ይህን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁን ግን ያስተማርኋቸው ልጆች ብዙዎቹ ራሳቸው አስተማሪዎች ሆነዋል። ከዚህ በላይ ብዘገይ ጥፋቴ ከእኔ አልፎ ወደማላውቃቸው ልጆች ይሄዳል።

ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በሚገኝ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ሳስተምር የክርክርና የንግግር ክበቡ አስተባባሪ ነበርሁ። ርእስ የማወጣው፣ መመዘኛውን የማዘጋጀው፣ ዳኞቹን የምሰበስበው፣ በመጨረሻም ማይክ ይዤ አስተያየት የምሰጠው እኔው ነበርሁ። በአንድ የፍጻሜ ውድድር ላይ ከደጋ ዳሞት፣ ከፈረስ ቤት አካባቢ የመጣ ተማሪ፣ ተቃራኒው ከተናገረው ውስጥ እውነቱን «ይኸ እውነት ነው» ብሎ ስለ ተቀበለ ነጥብ ቀንሼ ጣልሁት። ቀጥዬም አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት «ተከራካሪ አያምንም፤ ያመነ ዕለት ተረትቷል» አልሁ። ነጥቡ የአንድ ቀን ነገር ነበር። ይህን አባባል ግን ከዚያ በኋላ ለመጡት ተማሪዎች ሁሉ እንደ ሕግ አስተማርሁት። የምናዘዘው ስለ ሁለቱም ነው።

የትንሽ ኮሌጅ ውድድር ምን ያህል ክብደት እንዳለው በትልቅ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው በቀላሉ አይገባውም። የእኛ ተማሪዎች ከሰከላ፣ ከቋሪት፣ ከደጋ ዳሞት፣ ከጃቢ ጠህናን፣ ከቡሬና ከወምበርማ ገጠር የመጡ ናቸው። ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ሽሮውና በርበሬው ከቤት ይመጣል፤ ስንቅ ሲያልቅ ዓርብ ወደ ገጠር፣ እሑድ ወደ ከተማ ነው። አብዛኞቹ ኮሌጅ እስኪገቡ ድረስ ማይክ ጨብጠው አያውቁም። ክፍል ውስጥ ስትጠየቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የምትመልስ ልጅ፣ አዳራሽ ፊት ቆማ አምስት ደቂቃ ሙሉ ስትናገር ያየ ሰው በዚያ ሥራ ለምን እንደ ቆየሁ ይረዳኛል። ያ መድረክ ሰውን በእግሩ ያቆም ነበር። ሰውን የሚያቆም መድረክ ግን ሊሰብረውም ይችላል። ከዚያ ላይ መምህር የተናገረው ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ለወጣ ልጅ የዕድሜ ልክ ነው። ይህን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

የእኔ የክርክር ፍቅር ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ ይጀምራል። የገዥውና የተቃዋሚ ፓርቲዎች ሰዎች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ፊት ለፊት የተከራከሩበት ያ ወቅት በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ሌላ ዓለም ነበር። ሻይ ቤቱም ጠላ ቤቱም፣ ሬዲዮ ባለበት ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ያዳምጣል። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ የነበሩት አቶ ልደቱ አያሌው በአገር ደረጃ ስማቸው የገነነው በዚያ ክርክር ነው። እኛ ወጣቶቹ በማግስቱ የምናወራው ግን ስለ መሬት ፖሊሲው ወይም ስለ ምርጫ ሕጉ አልነበረም። «መልስ አሳጣው»፣ «አፉን አስያዘው» ነበር ወሬያችን። ከተከራካሪዎቹ ውስጥ የሌላውን ሐሳብ አድምጦ «በዚህስ ልክ ናችሁ» ያለ ሰው ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መመለስ አልችልም፤ ቢኖርም ጆሮዬ አልያዘውም። ጆሮዬ የሚጠብቀው ሌላ ነበርና።

በኋላ አስተማሪ ሆኜ የፓርላማ ክርክር የሚባለውን ሥርዓት በሥልጠና አገኘሁ። ዛሬ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክርክር ሻምፒዮና የሚመራበት ሥርዓት ነው፤ ሻምፒዮናው በ1981 እ.ኤ.አ. ግላስጎው ላይ የተጀመረ ሲሆን፣ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሳቸው አላቸው። አራት ቡድን፣ በእያንዳንዱ ሁለት ሰው፤ ርእሱ ከተነገረ በኋላ 15 ደቂቃ መዘጋጃ፣ ለአንድ ተናጋሪ 7 ደቂቃ። ደጋፊ ወይም ተቃዋሚ መሆን በዕጣ ነው። እኛ ለአዳራሻችን እንዲመች ሁለት ቡድን አደረግነው፤ ደቂቃውን አሳጠርነው፤ ዕጣውንም ከባርኔጣ ውስጥ በተጠቀለለ ወረቀት አወጣን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፦ ያ ሥርዓት የተቃራኒን እውነት መቀበልን አይከለክልም። ጎበዝ የሚባሉት ተከራካሪዎች እንዲያውም ሌላው ያለውን ተቀብለው፣ «ይህ ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ» ብለው የሚነሡ ናቸው። ስለዚህ በሥልጠናውም በደንቡም ላላሳብብ። «አያምንም» የሚለውን የጨመርሁት እኔ ነኝ።

ወደዚያ ቀን ልምጣ።

የፍጻሜው ርእስ «በእርሻ ማሳ ላይ ባሕር ዛፍ መትከል ሊከለከል ይገባል» የሚል ነበር። ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነበር የምናከራክረው፤ ያን ቀን ግን ከግብርና የመጡ ባለሙያዎችና ጥቂት አርሶ አደሮች ተጋብዘው ስለ ነበር በአማርኛ ሆነ። ርእሱን የመረጥሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ጥሩ ርእስ ይመስለኛል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ የደጋውን ገበሬ ቤት የሠራ፣ ማገዶውን የሰጠ፣ ግብሩን የከፈለ ዛፍ ነው። ምንጭ አደረቀ፣ የጎረቤት ሰብል አቀጨጨ ተብሎ የሚከሰስም እሱው ነው። ከእኛ ተማሪዎች መሐል ባሕር ዛፍ ያልነካው ቤት የለም።

ለፈረስ ቤቱ ልጅ የደረሰው የከልካዩ ወገን ነበር። ከእሱ በፊት የተናገረው ተቃራኒ ፈጣን ልጅ ነው፤ ቃል አይጠፋበትም፤ እጁ፣ ዓይኑ፣ ድምፁ አብረው ይናገራሉ። ባሕር ዛፍ አንዴ ከተተከለ ከጉቶው እያቆጠቆጠ ደጋግሞ እንደሚቆረጥ፣ ማዳበሪያ እንደማይጠይቅ፣ የአጣና ዋጋ ከጤፍ እንደሚሻል፣ አዲስ አበባ ራሷ በባሕር ዛፍ ማገዶ እንደ ቆመች ዘረዘረና፣ «ተቃራኒዬ የሚለው ቢሆን ኖሮ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው ግማሻችን ኮሌጅ አንገባም ነበር» ብሎ ጭብጨባ ተቀበለ።

ልጁ ተነሣ። የያዘውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በልቡ የሚያሰላ ይመስል ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ፤ ሰዓት ያዡ ቀና ብሎ አየኝ።

«ልጅ ያስተምራል ያለው እውነት ነው» አለ። «እኔም የቤት ኪራይ የምከፍለው አባቴ አጣና ሸጦ በሚልክልኝ ብር ነው። ይኸን አምናለሁ። ማገዶ ሆኗል ያለውም እውነት ነው። እናቴ ድሮ ኩበት ነበር የምታነደው፤ አሁን ኩበቱ ወደ ማሳ ተመልሷል፤ ገብሱም በዚያ ምክንያት ደህና ሆኗል። ይኸንንም አምናለሁ።»

ከአዳራሹ ኋላ አጉረመረሙ። እሱ ቀጠለ።

«የማላምነው ይኸን ነው። ከእኛ ማሳ በታች የአንዲት ባልቴት ማሳ አለ። የእኛ ዛፍ ካደገ ወዲህ ከድንበሩ ወዲያ፣ ጥላው በሚያርፍበትና ሥሩ በሚደርስበት ሁሉ፣ የእሷ ገብስ አይበቅልም። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። የተከለው በራሱ መሬት ነው። እሷም ደኻ ስለሆነች አትከስም። የደረሰኝ ወገን ይከልከል ይላል። እንግዲህ እኔ መከላከል የምችለው ይኸን ያህል ነው፦ ከሰው ማሳ ጥግና ከምንጭ ራስ ይከልከል። ከዚያ ወዲያ ያለውንም ይከልከል ብል እዋሻለሁ።»

ጊዜውን ሳይጨርስ ተቀመጠ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አርሶ አደር ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቻለሁ። ጭብጨባው ግን ቀዝቃዛ ነበር፤ ልጆቹ ማጨብጨብ ይኑርባቸው አይኑርባቸው አላወቁም፤ እኔም አላስተማርኋቸውም።

መመዘኛ ቅጹ ላይ ይዘት፣ ቋንቋ፣ አቀራረብ፣ የተቃራኒን ሐሳብ ማፍረስ የሚሉ ረድፎች ነበሩ። በመጨረሻው ረድፍ ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጠሁት። ርእሱን አጥብቧል ብዬ ከይዘቱም ቀነስሁ። ከጎኔ የተቀመጠው ዳኛ ጠጋ ብሎ «ልጁ ደህና አድርጎ ተናገረ እኮ» ቢለኝ፣ «ከወገኑ ወጣ» ብዬ መለስሁለት። ባልደረባዬ አስተባባሪ ስለ ነበርሁ እንጂ አምኖልኝ አልነበረም ዝም ያለው። ስለዚህ ውጤቱ የሦስት ዳኞች ተብሎ ቢነገርም የእኔ ነው።

ከዚያም ማይክ ያዝሁ። «ተከራካሪ አያምንም፤ ያመነ ዕለት ተረትቷል» አልሁ። አዳራሹ በሣቅ ተናወጠ። ልጁ ከሌሎቹ ጋር ለአሸናፊዎቹ አጨበጨበ።

ሰው ሲበተን ወደ እኔ መጣ። አልተቆጣም፤ የጠየቀኝ ለማወቅ ነበር። «ቲቸር፣ እውነት መሆኑን እያወቅሁ ውሸት ነው ማለት ነበረብኝ?» አለኝ። «ይኸ ክርክር ነው፤ ኑዛዜ አይደለም» አልሁት። «እሺ ቲቸር» ብሎ ሄደ። ወደ ክበቡ ተመልሶ አልመጣም። ለምን እንደ ቀረ ጠርቼ አልጠየቅሁትም። በዚያ ጊዜ ልቤ ውስጥ የነበረውን ልናገር ካልሁ፣ ይህ ልጅ ለመድረክ አይሆንም ብዬ ነበር።

የእኔ ትምህርት ፍሬ ማፍራቱን ያየሁት በአሸናፊዎቹ ነው። ልጆቹ ጎበዞች ነበሩ፤ ጥፋቱም የእነሱ አይደለም። በየሄዱበት ውድድር ያሸንፋሉ። ግን ከመድረክ ሲወርዱም አይወርዱም ነበር። በተማሪዎች ስብሰባ፣ በኪራይ ክፍል ጠብ፣ ከመምህር ጋር በውጤት ጉዳይ ሲነጋገሩ ሁሉ የተሳሳቱበት እየታወቀ እንኳ ሌላ በር ከፍተው ይወጣሉ። አንድ ቀን አንዷን ተማሪ በግልጽ ያጠፋችውን አንሥቼ ብነግራት፣ ቃል በቃል ያስተማርኋትን መለሰችልኝ፦ «ካመንሁ ተረታሁ ማለት ነው፣ ቲቸር።» ያን ጊዜ እንኳ አልደነገጥሁም። ፈገግ ብዬ አለፍሁት። እኔም በትምህርት ክፍል ስብሰባ ላይ፣ በቤቴም ውስጥ፣ እንደዚያው ነበርሁ።

የሚገርመው፣ ይህ ነገር ከመድረክ አልፎ ወደ ልብ የሚገባ መሆኑ በጥናት የታየ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የኢኮኖሚ ምሁራን ጥናት በሙኒክና በሮተርዳም በተካሄዱ ዓለም አቀፍ የክርክር ውድድሮች ላይ የተሳተፉ ወጣቶችን ተከታትሏል። የደረሳቸው ወገን በዕጣ የመጣ መሆኑን ሁሉም ያውቃሉ። እንዲያም ሆኖ ለመከራከር ሲዘጋጁ እምነታቸው ወደ ደረሳቸው ወገን ያጋድላል፤ ተከራክረው ከጨረሱ በኋላም ሁለቱ ወገኖች አልተቀራረቡም። ይህን ሳነብ የተሰማኝ ከባድ ነው። እኔ ልጆቹን በዕጣ ወገን ሰጥቼ ወደዚያ ሲያጋድሉ የሚያቆማቸውን አንድ ነገር ነበር የከለከልሁት። ያም የሌላውን እውነት በራስ አፍ መናገር ነው።

ጥፋቴ ጥፋት መሆኑን ያወቅሁት ግን ከጥናት አይደለም። ፈረስ ቤት ነው።

ከውድድሩ ዓመታት በኋላ በዘመድ ጉዳይ ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት ወጣሁ። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው መሬት ተጣልተው ሽማግሌ ተቀምጧል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ጽድ ሥር፣ ብርዱ አጥንት ድረስ በሚሰማ ጠዋት ነው። ሁሉም ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ታላቅየው የሚለውን ሁሉ ብሎ ጨረሰ። ታናሽየው ሊመልስ ሲነሣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በእጃቸው አስቆሙትና፣ «ቆይ ልጄ። የራስህን ኋላ ትነግረናለህ። ወንድምህ ከተናገረው እውነቱ የቱ ነው? አስቀድመህ ያን ንገረን» አሉት።

ልጁ ዝም አለ። ማንም አላጣደፈውም። ዝምታው ረዘመ፤ እኔ ሰዓት ያዥ ብሆን ኖሮ ደወል እመታ ነበር። በመጨረሻ መሬት መሬት እያየ፣ «አባታችን ሲታመም ያሳከመው እሱ ነው። ይኸ እውነት ነው» አለ። ሽማግሌው፣ «በል፣ ይኸ ወጣ። እግዜር ይስጥህ። አሁን የቀረውን እንነጋገር» አሉ። ታላቅየው ያን ሲሰማ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ቀኑ ሙሉ ያለቀው በቀረው ጉዳይ ላይ ነው፤ ጠቡም በዚያ ቀን አልተፈታም። ግን ከዚያ ቃል በኋላ የተናገሩት ሁለቱ እርስ በርሳቸው እየተያዩ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የተማሪው ነገር የመጣብኝ። መድረክ ላይ ዝም ብሎ የቆየው፣ «ይኸን አምናለሁ» እያለ አንድ በአንድ የለየው፣ ከዚያ «የማላምነው ይኸን ነው» ያለው ከዚህ አገር ሥርዓት ነው። ልጅ ሆኖ በግ ሲጠብቅ፣ አባቱ ኋላ ቆሞ ሲያዳምጥ፣ እንዲህ ያለ ችሎት ስንት ጊዜ አይቶ ይሆን? ያልሠለጠነ ብዬ ነበር የጣልሁት። ሥልጠና የጎደለኝ እኔ ነበርሁ።

ይህ የሽማግሌዎች ደግነት ብቻም አይደለም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ተከሳሽ በመልሱ የሚያምነውንና የሚክደውን ለይቶ እንዲያቀርብ ይፈልጋል፤ በግልጽ ያልካደው ፍሬ ነገር እንዳመነው ይቆጠራል። ዳኛ ጭብጥ የሚይዘው በተካደው ላይ ነው። ያልተለየ ነገር ላይ ችሎት መፍረድ አይችልም። ከዚያም በፊት፣ በበልሃ ልበልሃ ዘመን፣ ተሟጋች «እመን ወይም ካድ» ተብሎ ይያዝ ነበር። የድሮውን ሙግት ላሞግስ ፈልጌ አይደለም። በማርና በበቅሎ ውርርድ፣ በአነጋገር ጌጥና በዛቻ ደኻ የተረታበት ብዙ ነው፤ እኔ የወደድሁት ዓይነት አፍ ማስያዝ በዚያም ነበረበት። ግን ማመንን ከመረታት ጋር አንድ ያደረገ ሕግ በዚያም አላገኘሁም።

ስለ ልጁ በኋላ ከጓደኞቹ እንደ ሰማሁት፣ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ቅኔ ቤት ነበር። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን ያፈራ አገር ነው ጎጃም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት፣ ጓደኞቹ እየሰሙት ይናገራል፤ ጎደሎው ይነገረዋል፤ ተቀብሎ ያቃናዋል። በየቀኑ በሰው ፊት ታርሞ ያደገ ልጅ እርማት ውርደት እንዳልሆነ ያውቃል። እኔ ግን በአዳራሽ ፊት ስሕተት መቀበልን ማሣቂያ አደረግሁበት። ለክበቡ ተማሪዎች የንግግር ውድድርን ታሪክ ሳስተምር ደግሞ ሁልጊዜ ከ1953 ዓ.ም. ነበር የምጀምረው፤ ታምሩ ፈይሳ በኮሌጅ ቀን «ድኻው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ካነበበበት። የድኻን እውነት ለባለሥልጣን ጆሮ ያደረሰ መድረክ ብዬ አወድሰው ነበር። የዚያች ባልቴት ገብስ ግን በእኔው አዳራሽ ሲነሣ ያየሁት የማፍረሻ ነጥብን ብቻ ነው። በዚያ ቀን ስለ እሷ የተናገረው እሱ ብቻ ነበር።

ከጊዜ በኋላ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ተገናኘን። መጀመሪያ ያየኝ እሱ ነው። ሮጦ መጥቶ ቦርሳዬን ተቀበለኝ፤ «ቲቸር፣ እንዴት ነዎት? ጤናዎ?» አለ። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት እያስተማረ መሆኑን ነገረኝ። ደስ አለኝ። የምናገረውን ስፈልግ፣ «ልጆቹን ክርክር ታስተምራቸዋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

አፍሮ ሣቀ። «ኧረ ቲቸር፣ እኔ ክርክር አልችልም እኮ» አለ።

እውነቱን ነበር የነገረኝ፤ እንዲያ ብሎ ያምናል። እንዲያምን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ልመልስለት የሚገባኝ ግልጽ ነበር፤ በዚያ አዳራሽ ከቆሙት ሁሉ የምትችለው አንተ ነበርህ፤ የፈረድሁብህ ተሳስቼ ነው። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ረዳቱ ተሳፋሪ እየጠራ ነው፤ ሰው ይጋፋል፤ ተማሪዬ ቦርሳዬን ይዞ ቆሟል። «በርታ» አልሁትና ተሳፈርሁ። ማመን የከለከልሁት ሰው፣ ማመን ሲገባኝ አልቻልሁም። ከሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው። በአዳራሹ ያደረግሁትን ባለማወቅ ልለው እችል ይሆናል፤ መናኸሪያው ላይ ግን አውቄ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የሆነውን ግጭት አንባቢ ያውቀዋል። በብዙ ቦታ ትምህርት ተቋርጧል፤ መንገድ ተዘግቶ ዘመድ ከዘመድ ሳይተያይ ከርሟል። ያን ያመጣው የእኔ ዓይነት የክርክር ክበብ ነው አልልም። ግን ሰው ሁሉ የራሱን ወገን ብቻ ሲናገር፣ ሌላው ካለው ውስጥ አንዲት እውነት አንሥቶ «ይኸስ ልክ ነው» የሚል ሲጠፋ ስሰማ፣ ያን ቋንቋ በትንሽ አዳራሽ ውስጥ ነጥብ እየሰጠሁ ያስተማርሁ መሆኔን መርሳት አልቻልሁም።

ከፈረስ ቤቱ ጉዞ በኋላ፣ ክበቡን እስካስረከብሁበት ድረስ፣ መመዘኛውን ለውጬ ነበር። «ከተቃራኒ ንግግር እውነቱን ለይቶ ማውጣት» የሚል ረድፍ ገባ፤ ነጥቡም ከማፍረሱ ጋር እኩል ሆነ። ተናጋሪው መልስ ከመስጠቱ በፊት የተቃራኒውን ጠንካራ ነጥብ ይናገራል፤ ተቃራኒው «አዎ፣ ያልሁት ይኸን ነው» ካላለ መቀጠል አይችልም። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ለነጥብ ሲሉ ቀላሉን እየመረጡ ያምኑ ነበር፤ «የተቃራኒዬ ሰላምታ ጥሩ ነበር» ያለም አለ። ቆይቶ ግን አዳራሹ ይበልጥ ዝም ብሎ ማዳመጥ ጀመረ። ስለ ውጤቱ ከዚህ በላይ መናገር አልችልም፤ የቆየሁት ጥቂት ነው።

ከዚያ በፊት ያስተማርኋችሁ ግን ብዙ ናችሁ። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በደምበጫ፣ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ክበብ የያዛችሁ፣ ውድድር የምትዳኙ አላችሁ። የእኔን የድሮ ቅጽ እስከ ዛሬ የምትጠቀሙ እንዳላችሁም ሰምቻለሁ። ልጁን የምታውቁት ብትኖሩ ይህን ጽሑፍ አታሳዩት፤ የእሱ ይቅርታ በጽሑፍ የሚጠየቅ አይደለም፤ መንገዱ ሲከፈት እኔው ያለበት ድረስ ሄጄ፣ ተማሪዎቹ ፊት እጠይቀዋለሁ። ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ማስታወሻ ደብተራችሁን አውጡና «ተከራካሪ አያምንም» የሚለውን ሰርዙት። ያስተማርኋችሁ ተሳስቼ ነው።